ቀዩ ወይን በማን ሒሳብ ነው?

ስለ ውስኪ ጣዕም ሲከራከር ያመሸ ሰው አይቼ አላውቅም። ውስኪ ይጠጣል፣ ያቃጥላል፣ ይከበራል፤ በቃ። የቢራም ክርክር «የቀዘቀዘ አለ?» ከሚለው ጥያቄ እምብዛም አያልፍም። ርካሽ ቀይ ወይን ጠረጴዛ ላይ የወጣ ዕለት ግን ነገር ይመጣል። እስከዚያች ደቂቃ አንገቱን ደፍቶ ጥብሱን ሲያሳድድ የነበረው ሁሉ ቀማሽ ይሆናል። አንዱ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ ያነሣል፣ አንዱ አፍንጫውን ይነክራል፣ አንዱ ገና ሳይጎነጭ ፊቱን ያጨማድዳል። ውድ ወይን እንዲህ ያለ ችሎት ፊት አይቀርብም። ውዱ ካልጣመን ጥፋቱ የምላሳችን ነው ብለን ዋጥ እናደርገዋለን፤ ርካሹ ካልጣመን ግን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ጠበቃም አይቆምለትም።

ርካሽ ቀይ የምለው በየሰፈሩ ግሮሰሪ መደርደሪያ ላይ፣ በጂንና በአረቄ መካከል ተገን ይዞ የሚቆመውን የአገር ቤት ወይን ነው። ርካሽነቱም ከጎኑ ካለው ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ጋር ሲተያይ ነው እንጂ፣ ዛሬ ዛሬ ኪስን ሳያማክሩ የሚገዙት ነገር የቀረ አይመስለኝም። ከነዚህ ሁሉ አንጋፋው ጉደር ነው። ስሙን ያገኘው ከአምቦ ጥቂት አለፍ ብላ ካለችው ከጉደር ከተማ ሲሆን፣ የሚያመርተው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ያለ ነው። ንጉሡን ሸኝቷል፣ ደርግን ሸኝቷል፣ ከዚያም ወደ ግል ተዛውሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ገንዘብ ካፈሰሱበት መካከል ቦብ ጌልዶፍ በሊቀ መንበርነት ይመራው የነበረው የኢንቨስትመንት ድርጅት ይገኝበታል። ያ በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ ዘፋኞችን አሰባስቦ ለእኛ እህል መግዣ የለመነው አየርላንዳዊ ማለቴ ነው። በረኀባችን ያወቀን ሰው በመጠጣችን በኩል ተመልሶ መምጣቱን አንዳንዱ እንደ ዕድገት ይቆጥረዋል፤ እኔ አስተያየት የለኝም።

ታናሽ ተፎካካሪው ከዝዋይ መጣ። ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል ከሐይቁ አቅራቢያ መርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉትን የወይን ዝርያዎች ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሲያ የተባሉትን ወይኖች ለገበያ አቀረበ። በዚያ እርሻ ዙሪያ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ቦይ መቆፈሩን ሳነብ ለወይኑ ያለኝ ክብር ጨመረ። የፈረንሳይ ወይን በረዶና ሻጋታ ይፈራል፤ የኛው ጉማሬ አምልጦ ነው ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው። ገብቶም የሚጠብቀው ስፕራይት ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከማውቃቸው ቀማሾች ሁሉ የማከብራቸው ጋሼን ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰፈራችን ካለው ሥጋ ቤት ጥግ ላይ የማይነካ ወንበር አላቸው። ቀይ ወይን ሲቀዳላቸው ፉት ይሉና ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፍነው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ «ጌሾው በዝቶበታል።»

ወይን ውስጥ ጌሾ እንደሌለ የነገራቸው አልጠፋም። ጣልያን አገር ለአጭር ሥልጠና ደርሶ የመጣው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ማንኪያው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጋሼ ግን ንቅንቅ አይሉም፤ «ታዲያ ይህ ምላሴን የሰበሰበው ምንድነው? ስሙን ንገረኛ!» ወዳጄ ስሙን ያውቀዋል፤ ታኒን ነው። ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ ነገር ነው፤ ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይያያዝና አፍን ድርቅ ያደርጋል። ቀይ ወይን ከነልጣጩ ስለሚፈላ ታኒኑ ከነጩ ይበልጣል። ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «እኔስ ምን አልኩ?» አሉ። እውነት ለመናገር ያሉት ይህንኑ ነው። ጠጅ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ምላስ የጌሾን ምሬት ከማሩ ጣፋጭነት ለይቶ መመዘን ያውቃል፤ ስኳር የገባበትን ጠጅ ከማር ጠጅ ይለያል፤ ገና ያልበሰለውን ያውቃል፤ ብርዝ ሆኖ የቀረውንም ያውቃል። ወይን ሲሰጡት በያዘው ሚዛን ይመዝናል እንጂ ሌላ ሚዛን ከየት ያመጣል?

ወዳጄ ግን ሌላ ሚዛን ይዞ መጥቷል። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ያዞራል፤ አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ሸሚዝ ላይ አዙሮታል። ከዚያ ያሸትና፣ «ቼሪ አለው፤ ትንሽ ትምባሆ፤ ከሥር ደግሞ የቆዳ ሽታ» ይላል። ትምባሆው ከጎናችን ከተቀመጡት ሰዎች፣ ቆዳው ደግሞ ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገረውም። ቼሪ የሚባለውን ፍሬ ከመካከላችን የቀመሰ የለም፤ ጠጋ ብዬ ስጠይቀው እሱም ኬክ ላይ ነው ያየው። እንጆሪ ቢል፣ ኮክ ቢል፣ የተቆላ ቡና ቢል እኛም አፍንጫችንን ነክረን እንፈልግለት ነበር።

አብሮን የሚጠጣው ሾፌራችን በበኩሉ በአፍንጫም በምላስም አይመዝንም። ጠርሙሱን ገልብጦ ከኋላ የተጻፈውን የአልኮል መጠን ያነባል፤ ከቢራው ጋር ያስተያያል፤ ዋጋውን ያካፍላል። ተመሳሳይ ሞቅታ በየትኛው በርከስ ብሎ እንደሚገኝ በቃሉ ያሰላል። ጋሼ የሒሳብ መምህር ሆነው ሳለ ይህን ስሌት ሲሰሙ ያፍሩበታል፤ ግን አንድም ቀን ተሳስተሃል ብለውት አያውቁም።

ለርካሹ ወይን ግማሽ ስሙን ያጠፋው ማቀዝቀዣው ነው ብዬ አምናለሁ። የሙያው ሰዎች ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ላይ ቢጠጣ ይመረጣል ይላሉ። አዲስ አበባ ያለ ማንም ርዳታ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በነፃ፣ እዚያው አካባቢ ናት። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። አስተናጋጇ ግን ለእንግዳ ክብር ስትል ከቢራው ጋር ፍሪጅ ውስጥ አስተኝታ ታመጣዋለች። የቀዘቀዘ ቀይ ወይን ሽታውን ይደብቃል፣ ታኒኑ ይጎላል፣ አፍ ላይ ይጎረብጣል። «የኔ እናት፣ ያልቀዘቀዘ የለም?» ብዬ ስጠይቃት በአዘኔታ ታየኛለች። ጉንፋን የያዘኝ ይመስላታል። ሙቅ ውሃ ላምጣልህ ወይ ያለችኝ ጊዜም አለ።

ጎምዛዛውን ቀይ የሚያለሰልሰው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥጋ ነው። ያ ምራቃችንን የሚፈልገው ታኒን ፕሮቲንና ስብ ሲያገኝ እኛን ይተወናል። ስለዚህ ከቁርጥ ወይም ከክትፎ ጋር «አይ፣ ይሄስ ጥሩ ነው» የተባለለት ጠርሙስ፣ በጾም ቀን ከሽሮ ጋር ሲቀርብ «ምን ነካው?» ይባላል። ወይኑን ምንም አልነካውም።

አሁን ወደ ስፕራይቱ።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ሐሳባቸው አጭር ነው። «ይኮመጥጣል፤ ለስላሳ ጨምሩበት።» ጨምረንበት ይጠጣሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ጣልያን አገር ደርሶ የመጣው ወዳጄ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ወይን በስፕራይት፣ ወይን በኮካ መጠጣት ለእሱ የሥልጣኔ ውድቀት ነው። ይህን ክርክር የዘጋሁት ስፔን ሄጄ ሳይሆን ስለ ስፔን አንብቤ ነው። እዚያ ቀይ ወይንን ከኮካ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መጠጣት ስም ያለው ነገር ነው፤ ካሊሞቾ ይሉታል። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1972 በባስክ አገር አልጎርታ በምትባል ቦታ ለበዓል የገዙት ወይን ተበላሽቶ ያገኙት ወጣቶች፣ ከመድፋት ይልቅ ጣዕሙን በኮካ ሸፍነው ሸጡት። በበጋ ደግሞ ቀዩን ከለስላሳ ሎሚ መጠጥ ጋር ቀላቅለው የሚጠጡ ስፔናውያን ስፍር ቁጥር የላቸውም። የወይን እርሻ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ በእትዬ ብርጭቆ ላይ ምን ዓይን ያስጥላል?

የራሴ ምርጫ ጉደርን በአምቦ ውሃ ነው። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ናቸው፤ ብርጭቆ ውስጥ ቢገናኙ ዘመድ ጥየቃ እንጂ ብክለት አይባልም።

ይህ ሁሉ ግን ዳር ዳሩን መዞር ነው። የቀይ ወይን ጣዕም የሚወሰነው በታኒንም በማቀዝቀዣም ሳይሆን ሒሳቡን በሚከፍለው ሰው ነው። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጠረጴዛችን ይበቃል። ጋባዥ ያለ ዕለት ያው ጠርሙስ «ለስለስ ያለ ነው» ይባላል። በየድርሻችን የምናዋጣ ዕለት «ይጎመዝዛል»። ጋባዡ የመሥሪያ ቤት አለቃ ከሆነ ደግሞ ወይኑ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ይሻሻላል፤ ወደ መጨረሻው «የት ነው የሚገኘው?» ተብሎ ይጠየቅለታል። አለቃው ሄዶ ሒሳቡ ሳይከፈል መቅረቱ የታወቀ ዕለት የነበረውን አስተያየት እዚህ ማስፈር ይከብዳል።

ላቦራቶሪ የሚሻ ካለ ግን እሱም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን አንጎል በሚያነሣ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ወይን በቱቦ አጠጧቸው። አንዱን ወይን አንድ ጊዜ 90 ዶላር ነው፣ ሌላ ጊዜ 10 ዶላር ነው እያሉ። ሰዎቹ ውድ ነው የተባሉት ጊዜ የበለጠ ጣማቸው። የሚገርመው ለይሉኝታ ብለው አለመዋሸታቸው ነው፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍልም አብሮ ሞቅ ብሏል። ስለዚህ ጋባዥ ሲኖር «ግሩም ነው» የምንለው አስመሳይ ስለሆንን አይደለም። በእውነትም ግሩም ይሆንልናል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ተኝቶ በቱቦ መጠጣት የሚለው ላይ ቆመው ወደ ፊት አልሄድ አሉኝ፤ «ሥጋም በቱቦ ነው የሰጧቸው?»

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሬዴሪክ ብሮሼ የሚባል ተመራማሪ ቦርዶ ውስጥ የሠራው ተንኮል ይብሳል። ለ54 የወይን ሙያ ተማሪዎች ነጭ ወይን ጣዕም በሌለው ቀለም አቅልቶ አቀረበላቸው። እነሱም ስለ ቀይ ወይን የሚባለውን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉለት፤ ቀያይ ፍራፍሬው ሳይቀር። ወዳጄ ይህን ታሪክ አይወደውም። ቼሪ ስለሚገባበት ይመስለኛል።

የዋጋውን ነገር ከሥሩ የነቀለው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻርልስ ሾው የሚባለው ወይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ትሬደር ጆስ በተባሉት መደብሮች ጠርሙሱ በ1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለገበያ ሲወጣ፣ ሕዝቡ «የሁለት ብሩ ቸክ» እንደማለት ቅጽል አወጣለትና በካርቶን ይጭነው ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቀያዮቹ አንዱ ሺራዝ በአንድ ውድድር 2,300 ገደማ ወይኖች መካከል ገብቶ ድርብ ወርቅ ወሰደ። ከዳኞቹ አንዱ ዋጋውን ቢያውቅ ኖሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ ውድድር ላይ ጠርሙስ የሚሸፈነውም ለዚህ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ወይን ለእንግዳ ስታቀርብ ጠርሙሱን በነጭ ናፕኪን ትጠቀልለዋለች። እንግዶቿ ሁሉ አበሾች ናቸው፤ ሁሉም ከዚያው መደብር ነው የሚገዙት፤ ሁሉም እቤታቸው ናፕኪን አላቸው። አንዱም አንዱን አያጋልጥም።

አገር ቤት ደግሞ ቡፌ አለ። ስለ ርካሽ ቀይ ወይን ጽፎ ቡፌን መዝለል አይቻልም። ቡፌ የምለው ሳሎን ውስጥ የሚቆመውን ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ነው፤ ለሰርግ የተሰጡ ብርጭቆዎች፣ የልጆች የምርቃት ፎቶ፣ የማይነኩ ሲኒዎች፣ የፕላስቲክ አበባ፣ እና አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን። ወይኑን ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ለገና የመጣ ይሆናል፤ ያመጣው ሰውም ከሌላ ቤት ለፋሲካ የተሰጠውን ይሆናል። አንዳንዱ ጠርሙስ ከተማውን ከታክሲ በላይ ዞሯል። በመጨረሻ አንድ ቡፌ ላይ ይሰፍርና፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ወይን ሲቆይ ይሻላል» የሚለው እምነት ይጠብቀዋል።

ይህ እምነት ጥቂት ወይኖችን ይመለከታል፤ በጥንቃቄ ተሠርተው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ቡሻቸው እንዳይደርቅ በጎን ተጋድመው የሚቆዩትን። በዓለም ላይ የሚመረተው ወይን አብዛኛው፣ ርካሹማ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ በተመረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የታሰበ ነው። አጎቴ ግን ቡፌያቸው ላይ ያለውን ጠርሙስ ለትልቋ ልጃቸው ምርቃት አስቀምጠውታል። ልጅቷ ያኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረች። ከዚያም ሕክምና ገባች፤ ሕክምና ረጅም ነው።

የምርቃቱ ዕለት ቤቱ ሞልቷል። አጎቴ ጠርሙሱን በፎጣ ወልውለው፣ እንደ ታቦት አክብረው አወጡት። ቡሹን የሚነቅል ነገር ሲፈለግ በቤቱ አልተገኘም። ጎረቤት ተላከ፤ ጎረቤትም የለውም። በቢላ ተሞከረ፤ ግማሹ ቡሽ ተፈርፍሮ ወጣ። በመጨረሻ የማማሰያ ጀርባ ተይዞ የቀረው ወደ ውስጥ ተገፋ፤ ወይኑም ብልጭ ብሎ የአጎቴን ነጭ ሸሚዝ ባረከው። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ተቀዳ። ቡሽ ይንሳፈፍበታል፤ ቀለሙ ወደ ሻይ ሄዷል። አጎቴ መረቁ፤ አሜን ተባለ፤ ተጠጣ።

አቸቶ ነበር። ሰላጣ ላይ ቢሆን እጄን አነሣለት ነበር። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሆነው ነገር ስለ ጠጪዎች አስተያየት ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ አስተምሮኛል። የመጀመሪያው ሰው ጎሮሮውን ጠርጎ «ኧረ ግሩም ነው!» አለ። ሁለተኛው «ብስል ያለ ነው» አለ። አንዲት አክስት «የድሮ ነገር» አሉና እንባቸውን ጠረጉ፤ እንባው ከወይኑ ይሁን ከደስታው አልለየሁም። ሐኪሟ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ፉት አለች፣ አባቷን አየች፣ ብርጭቆውን ጨለጠችው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የተማረችው ለዚህ ይመስል ነበር። አጎቴ ተነሥተው ግንባሯን ሳሟትና የቀረውን ጠርሙስ ለትንሹ ልጅ ምርቃት ብለው በበሰበሰው ቡሽ ፋንታ ላስቲክ አስረውበት ወደ ቡፌው መለሱት። ትንሹ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው።

ቀይ ወይን መድኃኒት ነው የሚለውም አስተያየት በዚያው ቤት የጸና ነው። የወለደች ሴት ስትጠየቅ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም፤ «ደም ይተካል» ይላል። ከቀይ ሥር ጋር የተቆራኘ ፍልስፍና ነው፤ ቀይ ቀይን ይተካል። ሐኪሟ የአጎቴ ልጅ ይህን ለማስተካከል ሞክራ ተስፋ ቆርጣለች። ወይን ውስጥ ያለው ብረት ጥቂት ነው፤ ያ አፍ የሚሰበስበው ታኒን ደግሞ ከጎመንና ከምስር የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያውካል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ሲል ቁርጡን ተናግሯል። እትዬ ይህን ሲሰሙ፣ «እኔ አልኮሉን መች ጠጣሁ? ወይኑን ነው እንጂ» አሉ።

ራስ ምታቱንስ? ሾፌራችን በዞረ ድምር የሚነሣበት ጠዋት ሁሉ ጥፋቱን ወይኑ ውስጥ ባለ «ኬሚካል» ላይ ያደርጋል። ኬሚካል የሚለው ሰልፋይትን ነው፤ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር። ችግሩ ነጭ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከቀዩ የበለጠ ሰልፋይት ያለው መሆኑ ነው፤ ነጩን ግን ማንም አይከስም። እ.ኤ.አ. በ2023 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ሌላ ተጠርጣሪ አቀረቡ፤ ወይኑ ልጣጭ ላይ የሚገኝ ኩዌርሴቲን የሚባል ነገር ሰውነታችን አልኮሉን አፍርሶ እንዳይጨርስ መንገድ ይዘጋበታል የሚል ሐሳብ ነው። ገና ሐሳብ ነው። ሾፌራችን ስሙን አስጽፎኝ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶታል፤ ለባለቤቱ ሊያሳይ። ከወይኑ በፊት የጠጣውን ድራፍትና ከወይኑ በኋላ የጠጣውን ጂን የሚመለከት ጥናት ከተገኘ እንዳልነግረው ለምኖኛል።

ስለ ርካሽ ወይን የተነገረው ጥንታዊ አስተያየት ሰርግ ላይ የተሰጠ ነው። ቃና ዘገሊላን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን እናከብራለን፤ ተአምሩን እንጂ የአሳዳሪውን ትዝብት ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሰውዬው ውሃው ወይን መሆኑን ሳያውቅ ቀምሶ የተገረመው፣ ሰው ሁሉ መልካሙን ቀድሞ አቅርቦ እንግዳው ከሰከረ በኋላ መናኛውን ሲያመጣ ይህ ሙሽራ ግን መልካሙን እስከ መጨረሻ አቆይቶት ነው። የመጠጥ ኮሚቴ አሠራር ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ አዳራሾች ሥርዓቱ በሰዓት ሳይሆን በቦታ ተተክቷል፤ ከውጭ የመጣው ወይን ሙሽሮቹ ፊት ይቀመጣል፤ የአገር ቤቱ ከበር አጠገብ ላሉት ይሰጣል። እኔ የምቀመጠው ብዙ ጊዜ በር አጠገብ ነው። እንደ ታዛቢ የምናገረው፣ በር አጠገብ ያለው ጠርሙስ ቶሎ ያልቃል፤ ሙሽሮቹ ፊት ያለው ግን ፎቶ ተነሥቶበት ሳይከፈት ይሸኛል። ቀጣዩ አድራሻው ቡፌ ነው።

በቅርቡ የጋሼ የእህት ልጅ ልትዳር ሆነና እኛም የመጠጥ ንዑስ ኮሚቴ ተባልን። ጋሼ ሰብሳቢ፣ ወዳጄ የቴክኒክ አማካሪ፣ ሾፌሩ የግዢና ትራንስፖርት፣ እኔ ጸሐፊ። ሥራችን ለእንግዶቹ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ፣ የማያሳፍር ቀይ ወይን መምረጥ ነበር። ወዳጄ በሥልጠናው እንዳየው ምርጫው በጭፍን መሆን አለበት አለ። ተስማማን። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጠርሙስ ለናሙና ተገዛ፤ ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቀለሉ፤ ቁጥር ተጻፈባቸው፤ ጥብስ ታዘዘ፤ ያለ ጥብስ ፍርድ እንደማይሰጡ ጋሼ ቀድመው አስመዝግበዋል።

አንደኛው ቁጥር ጌሾው በዛበት። ሁለተኛው ላይ ወዳጄ የቫኒላ ሽታ አገኘ፤ አረጋግጥ ተብሎ ደግሞ ተቀዳለት፤ አረጋገጠ። ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ «ይሄ ይሰማል» አለ፤ ሁላችንም እስኪሰማን ድረስ ተቀዳ። አራተኛው ጋ ስንደርስ ከጠርሙሱ ላብ ጋዜጣው ርሶ ቁጥሩ ጠፋ። ወዳጄ ሁለተኛው ይህ ነው አለ፤ ጋሼ አይደለም አሉ፤ ለማስታረቅ ሁለቱም ከመጀመሪያው እንደገና ተቀመሱ። ቃለ ጉባኤውን አሁን ሳየው እስከ ሦስተኛው ቁጥር ድረስ ጽሑፉ ይነበባል። ከዚያ በኋላ «በሙሉ ድምፅ» የሚል ቃል ብቻ አለ፤ ምን በሙሉ ድምፅ እንደተወሰነ አልተገለጸም። ከሥሩ፣ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ ናሙናው በማለቁ ምክንያት ስብሰባው በአዲስ ናሙና ለሚቀጥለው ቅዳሜ መተላለፉ ሰፍሯል።

በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ቃለ ጉባኤውንና የናሙናውን ደረሰኝ ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ። የሰርጉ መጠጥ ጠጅ እንዲሆን ወስነው ጣዪ አስጠሩ። እኛንም ወደ ድንኳንና ወንበር ንዑስ ኮሚቴ አዛወሩን።